ጠይቁን፦ ማሽኔ ሲጀምር ይዘላል ሲፈጥን ጸጥ ይላል፣ ምን ነክቶት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከፊት የሚከፈት ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለኝ፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት። መጭመቅ ሲጀምር ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ ይወራጫል፣ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ ግን ጭራሽ ጸጥ ይላል። በፍጥነት ሲዞር ነበር መናጥ ያለበት አይደል እንዴ? ባለቤቴ ደሞ ከስር ያሉትን ሾኮች በጠንካራ እንቀይራቸው እያለ ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ ያየሽው ትክክል ነው፣ ማሽኑም አላበደም። ድራሙ (ልብሱ የሚገባበት በርሜል) ማሽኑ ውስጥ ተንጠልጥሎ እኮ ነው ያለው፣ ከላይ በሞላ ተይዞ ከስር በዳምፐር (ባለቤትሽ ሾክ ባለው፣ ውዝዋዜን በሚያበርደው) ተደግፎ፣ ክብደት እንዲኖረው ደሞ ኮንክሪት ያስሩበታል (ተሸክሞ ደረጃ ያወጣ ሰው ወገቡ ይመሰክራል)። በሞላ የተያዘ ነገር ሁሉ የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው፣ የሚነቀንቀው ነገር ከዛ ፍጥነት ጋር ሲገጥም ሬዞናንስ ይባላል፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን በሰዓቱ ገፋ ገፋ እንደማድረግ ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ ይሄ በደቂቃ 200 ዙር አካባቢ ስለሆነ ወደ 1200 ሲወጣ የግድ በዛ በኩል ያልፋል፣ ግድግዳሽን የሚነቀንቀውም ያኔ ነው። ከራሱ ፍጥነት 1.4 እጥፍ ገደማ ካለፈ በኋላ ግን ሞላው ንዝረቱን ለወለሉ ከማስተላለፍ ይልቅ ማስቀረት ይጀምራል።

አሁን ትንሽ ሂሳብ፣ በግምት። ግማሽ ኪሎ እርጥብ ልብስ በአንድ ጎን ከመሃሉ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተከማቸ እንበል። 1200 ዙር ላይ ድራሙን 2000 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ይጎትተዋል፣ የ200 ኪሎ ሸክም በይው፣ እሱም በሰከንድ 20 ጊዜ እየዞረ። ግን ድራሙ ከነኮንክሪቱ 40 ኪሎ ቢሆን የሚነቃነቀው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ወዲያ ሄዶ ሳይጨርስ ወዲህ ስለሚጎተት። 200 ዙር ላይ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩልም ሊወዛወዝ ይችላል።

ወደ ባለቤትሽ ሀሳብ ስንመጣ፣ ተራው ዳምፐር የሚታገለው በፍጥነት ልክ ነው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ትግሉም እጥፍ ይሆናል። የ1.5 ሳንቲ ሜትሩን ውዝዋዜ በ200 ዙር ብታሰይው በሰከንድ 0.3 ሜትር ገደማ ይመጣል፣ የ3 ሚሊ ሜትሩ ደሞ በ1200 ዙር 0.4 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ገባሽ? ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ነው! ስለዚ መጀመሪያ ላይ ድራሙን የያዘልሽ ጠንካራ ዳምፐር በኋላም በዛው ጉልበት እየያዘ ንዝረቱን ለማሽኑ አካልና ለወለሉ ያቀብላል። መጀመሪያው ላይ ትገላገያለሽ፣ አሁን ያለሽን ጸጥታ ግን ታጪዋለሽ።

ኢንጂነሮቹ ዘዴ የፈለጉት እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱን የሚለየው ፍጥነቱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። ስለዚ አንዳንድ ማሽኖች ላይ በሰበቃ የሚሰራ ዳምፐር ይገባል፣ ውስጡ ያለችው ማሻሻ (እየተፈተገች የምትይዘው ሽፋን) ጥቂት ሚሊ ሜትር በነጻ ትንሸራተታለች፣ ከዛ ካለፈ ብቻ ነው የምትይዘው። ትልቁን ውዝዋዜ ታፍናለች፣ ትንሹን አላየሁም ትላለች። ኖንሊኒየር ዳምፒንግ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፣ ትግሉ እንደ እንቅስቃሴው ሁኔታ የሚለዋወጥ ማለት ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም።

ያንቺ ማሽን ላይ ማሻሻዋ ያለቀች ይመስለኛል። ለጉዞ የሚታሰሩት የኋላ ብሎኖች ሳይፈቱ ቀርተው ቢሆን ሙሉ ፍጥነት ላይ ነበር የሚጨፍረው፣ ስለዚ እነሱን አልጠረጠርኩም። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለሽ ድራሙን በእጅሽ ወደ ታች ገፋ አድርጊና ልቀቂው፣ ከአንድ ሁለቴ በላይ ከተወዛወዘ ዳምፐሮቹን ሁሉንም በአንዴ ቀይሪ፣ ግን በዛው በማሽኑ ዓይነት። ሲጥ ሲጥ አለ ብለሽም ዘይት ወይ ግራሶ እንዳታስነኪው፣ ስራው እኮ መፈተግ ነው።

ጥያቄ፦ የቤት መኪናዬን ሾክ አብዞርበር ጠንከር ባለ አስቀየርኩ። አስፋልት ላይ ኩርባ ሲይዝ ሸጋ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ጥርሴ ሊረግፍ ነው። መካኒኩ ይለምዳል አለኝ። ይለምዳል?

መልስ፦ አይለምድም ወንድሜ፣ የምትለምደው አንተ ነህ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፣ ማሽኑ ላይ ነውጡ ከውስጥ ነበር የሚመጣው፣ መኪና ላይ ከመሬት ነው የሚመጣው። ሾኩ ውስጥ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ብቻ የሚያልፍ ቢሆን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆን ነበር። ኩርባ ላይ ፒስተኑ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ችግር የለውም፣ ጉድጓድ ስትገባ ግን በሰከንድ ከ1 ሜትር በላይ ሊወረወር ይችላል፣ ያኔ ሾኩ እንደ ብረት ዘንግ ሆኖ ምቱን ቀጥታ ለወንበርህ ያቀብላል። ለዚ ነው ቫልቩ ላይ ስስ የብረት ዲስኮች የሚደረደሩት፣ ግፊቱ ሲበረታ ይታጠፉና ዘይቱን ያሳልፉታል። ስለዚ ቀስ ሲል ጠንካራ ነው፣ ሲፈጥን ግን ትግሉ እንደ መጀመሪያው አይጨምርም። ያንተ አዲሱ ዲስኩ ወፍራም ይመስላል፣ ቶሎ አይከፈትም። መጀመሪያ የጎማህን ንፋስ አስለካ፣ ከልክ በላይ ተሞልቶም ሊሆን ይችላል፣ ካልሆነ ለመኪናህ የተሰራውን ሾክ መልስበት።

ባለ ባሌስትራ ፒክአፕ ለምትነዱ ደሞ፣ ባዶዋን ኮብልስቶን ላይ የምትንቀጠቀጠው ሾኩ ስለጠነከረ ላይሆን ይችላል። የባሌስትራው ቅጠሎች (ተደራርበው የታሰሩት ብረቶች) እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ትንሿ ምት ሰበቃውን አታሸንፈውም፣ ባሌስትራው ሳይታጠፍ ምቱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ዝገት ሲጨመርበት ደሞ ይብሳል።