ስለ እንጉዳይ ለጠየቀችኝ ተማሪና ለጓደኞቿ

በቅርቡ አንዲት የሥነ ሕይወት ተማሪ «ጋሼ፣ ደኑ ከተጠበቀ እንጉዳዩም አብሮ ይጠበቅ የለ?» አለችኝ። መልሴ አጭር ነበር፤ ጥያቄዋ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በወጣትነቴ ሸካ ደን ውስጥ ዕፅዋት እንመዘግብ ነበር። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። መንገድ የሚመሩን እናት ድንገት ቆም አሉና ከምስጥ ኩይሳ ጎን የወጣ ነጭ እንጉዳይ አሳዩን። የትኛው ኩይሳ መቼ እንደሚሰጥ፣ የትኛው እንጉዳይ እንደሚበላ፣ የትኛው ሆድ እንደሚያውክ እየነገሩ እሳት አንድደው ጠብሰው አበሉን። እኒያ እናት ዝናቡ የጣለበትን ቀን ቆጥረው እንጉዳዩ የሚወጣበትን ያውቁ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕውቀት በኋላ ከብዙ ምሁር ጋር ስሠራም አልገጠመኝም። ቅጻችን ግን ለዛፍ፣ ለቁጥቋጦና ለሣር እንጂ ለእንጉዳይ ቦታ አልነበረውም። ኃላፊያችን «የታዘዝነው ዕፅዋት ነው» አለና ጉዞ ቀጠልን። ከዓመታት በኋላ ስመለስ እናትየዋ አርፈዋል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ቡና ለመትከል መሬቱ ሲጸዳ ግን ኩይሳው ተንዷል። ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

እንጉዳይ ፈንገስ የሚባለው ፍጥረት ከመሬት በላይ የሚያወጣው አካል ነው። ምስጡ ቅጠልና እንጨት አኝኮ ጎጆው ውስጥ ፈንገሱን ያለማል፤ ፈንገሱም ያንን አብላልቶ ምስጡን ይመግባል። ምስጡ ከጠፋ እንጉዳዩ የለም፤ እንደ ጤፍ ዘርተው የሚያጭዱት አይደለም። ስለዚህ ልጄ፣ ዛፍ መቁጠር ብቻውን አይበቃም።

በዓለም እስካሁን ስም የወጣላቸው የፈንገስ ዝርያዎች 155,000 ገደማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የዝርያዎች የመጥፋት አደጋ በሚመዘገብበት የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ የተገመገሙት 1,300 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም ቢያንስ 411ዱ የመጥፋት አደጋ አንዣቦባቸዋል። የእርሻ መስፋፋት፣ የደን ጭፍጨፋና ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ይጎዷቸዋል። ቺሊ ፈንገስን በአካባቢ ጥበቃ ሕጓ ውስጥ አስገብታለች። እኛስ ምን እንጠብቃለን?

የዛሬ ልጆች ስልካችሁን ትታችሁ ደን ግቡ እላለሁ። ደግሞ መልሼ ሳስበው፣ ስልኩን ያዙት፤ እኛ ያልነበረን ካሜራ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ብቻ ራሳችሁን ማንሳት ይብቃ። የእንጉዳዩን ቆብ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታች በኩል ያለውን ገጹን፣ የእግሩን ሥርና አጠገቡ ያለውን ዛፍ አንሱ። ያሳያችሁን ሰው አስፈቅዳችሁ ድምፁን ቅረጹ፣ በራሱ ቋንቋ የሚጠራበትን ስም ጻፉ። ናሙናውን በፌስታል አትቋጥሩት፣ አልቦት ይበሰብሳል፤ አድርቃችሁ በወረቀት ፖስታ አድርጉት፣ ቀኑንና ቦታውንም እዚያው ጻፉበት።