«ስንጨርስ ዛፍ እንተክላለን» ይበቃል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ በአንድ የጋዝ ፕሮጀክት ላይ የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው፣ ቦታው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው። ስለ እንስሳቱ በጠየቅኩ ቁጥር አለቆቼ «ስንጨርስ ዛፍ እንተክላለን» ነው የሚሉኝ። ይሄ ይበቃል? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ዛፍ መትከል ክፉ ሆኖ ሳይሆን መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ነገር መጀመሪያ ላይ ስላመጡት ነው። ትክክለኛው ተራ መጀመሪያ ጉዳት የማያደርስ ቦታና ዘዴ መምረጥ፣ እሱ ካልሆነ ጉዳቱን ማሳነስ፣ ቀጥሎ የተነካው መሬት እንዲያገግም ማድረግ ነው፣ ሌላ ቦታ ማካካስ የሚባለው ይሄ ሁሉ ተደርጎ ለተረፈው ጉዳት ብቻ ነው። የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነውና ለግል ድርጅቶች የሚያበድረው አይኤፍሲ ከ2012 ጀምሮ ስራ ላይ ባለው፣ ስለ ተፈጥሮና ብዝሃ ሕይወት ጥበቃ በሚናገረው 6ኛ የአፈጻጸም መስፈርቱ ይሄንኑ ተራ ይጠይቃል፣ ስለዚ የፕሮጀክታችሁ ገንዘብ ከየት እንደመጣ አጣራ፣ አበዳሪው የሚጠይቀው ከሆነ ያንተም ቃል ይሰማል።

ሰው የጋዝ ጉድጓዱን ነው የሚፈራው፣ ጫካውን የሚጨርሰው ግን ብዙ ጊዜ መንገዱ ነው። አንዴ መኪና የሚያስገባ መንገድ ከተከፈተ እንጨት ቆራጩም አዳኙም ተከትሎ ይገባል፣ ካምፓኒው ነቅሎ ሲሄድ እነሱ አይወጡም። ፔሩ አማዞን ውስጥ ያለው ካሚሴያ የተባለው የጋዝ ፕሮጀክት ለዚህ ብሎ ጉድጓዶቹን ባህር መሀል እንዳሉ አድርጎ፣ መንገድ ሳያስገባ ነው የሰራው፣ ሰውም እቃም በሄሊኮፕተርና በወንዝ ነው የሚገባው። እሱም ቢሆን ንፁህ አይደለም፣ በ2004 ስራ ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት ቧንቧው ደጋግሞ ፈሷል። በዛው አካባቢ ግን ሌላ የቧንቧ መስመር ሲመነጠር ቅርንጫፎቻቸው ከላይ የሚገናኙ ትልልቅ ዛፎች እዚህም እዛም እንዲተርፉ ተደረገና ተመራማሪዎች ላያቸው ላይ ካሜራ ሰቀሉ፣ ጦጣዎችና ሌሎች ዛፍ ላይ የሚኖሩ እንስሳት ሌሊት ሳይቀር በቅርንጫፎቹ ሲሻገሩ ታዩ፣ በመሬት የተሻገረ ግን የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ መጋዝ ከመነሳቱ በፊት የትኛው ዛፍ ይቅር ብሎ ምልክት የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው አንተ ሁን። ደግሞም ከአንድ ቦታ ተነስቶ አግድም ኪሎሜትሮች ርቆ መቆፈር ስለሚቻል ለየጉድጓዱ አዲስ ጫካ መመንጠር ግድ አይደለም፣ ይሄን ጠይቃቸው።

ካንተ እጅ የማይወጣው ስራ ደግሞ ቦዩ ነው። ጠዋት ጠዋት ማሽን ሳይነሳ ቧንቧ የሚቀበርበትን ቦይ ዳር ዳሩን ሂድበት፣ ሌሊት የገባ ኤሊ፣ እባብ፣ እንቁራሪት ግድግዳው ቀጥ ስላለ መውጣት አቅቶት ታገኘዋለህ፣ ፀሀይ ከወጣችበት ያልቅለታል። በየተወሰነ ርቀት ጎኑ ተዳፋት ሆኖ መውጫ እንዲሰራለት፣ ብዙ ርቀትም ክፍት ሆኖ እንዳያድር አድርግ። የላይኛው ለም አፈር ከስሩ ካለው ጋር እንዳይደባለቅ ለብቻው ይከመር፣ የጫካው ዘር ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ ከሚተከለው ችግኝ በላይ እሱ ነው ጫካውን የሚመልሰው። የቁፋሮ ጭቃና ዘይት የሚጠራቀምበት ኩሬ ላይም መረብ ይደረግ፣ ወፍ ከላይ ሲያየው ውሃ ነው የሚመስለው።

ያገኘኸውን ሁሉ ቀንና ቦታውን ጽፈህ ፎቶ አንሳ፣ ለአለቆችህም በቃል ሳይሆን በጽሁፍ ስጣቸው፣ ኮፒውን አንተ ጋ አስቀር።