መልስ፦ የ1966ቱ የመምህራን አድማ የደመወዝ ጥያቄ ብቻ ነበር?

አልነበረም። ደመወዝና እድገት የቆየ ቅሬታ ነበር፤ እሳቱን የጫረው ግን «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ1964 ተጠንቶ፣ ለሕዝብ የተገለጠው ግን በ1966 ነው። ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት ትምህርት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለጥቂቶች የሚል አቅጣጫ ስለነበረው ወላጅ የድሃን ልጅ በር የሚዘጋ ዕቅድ አድርጎ አየው። በእኔ እምነት መምህራኑ የሕዝብ ድጋፍ ያገኙት በዚህ ነው፤ የደመወዝ ጥያቄ ለብቻው ወላጅን ከጎናቸው ባላሰለፈ ነበር።

አድማው የካቲት 11 ሲጀመር በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ የተማረሩት ባለታክሲዎችም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። መንግሥት በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ ቀንሶ የጥናቱን ተግባራዊነት አዘገየ። የጠቅላይ ሚኒስትሩን የአክሊሉ ሀብተ ወልድን ካቢኔ ያወረደው ግን አድማው ብቻ አይደለም፤ ነገሌ ቦረና ላይ የጀመረው የወታደሮች አመፅ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።