ክንዱ በ2 ዋት ጸንቶ በ40 ዋት ለምን ይፈታል?

እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ላይጎን (የስበት ሞገድ መለኪያውን) በመሰለ ባለ 4 ኪሎሜትር ኢንተርፌሮሜትር፣ ማለትም በሁለት ክንዶች ውስጥ ሌዘርን በመስታወቶች መካከል እያመላለሰ የርዝመት ለውጥ በሚለካ መሣሪያ፣ የሚገባው ሌዘር 2 ዋት ሲሆን ሁሉም ነገር ተቆልፎ (ብርሃኑ በክንዱ ውስጥ እንደተያዘ) ይቆያል። ወደ 40 ዋት ሲደርስ ግን 2 ሄርዝ አካባቢ መወዛወዝ ይጀምርና ይፈታል። ጌይን (መቆጣጠሪያው ምልክቱን የሚያጎላበት መጠን) ቢጨመርም ቢቀነስም ለውጥ የለም። የመስታወቶቹን አቅጣጫ በምን ቅደም ተከተል ላስተካክል ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ጌይኑን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ጨረሩ በእያንዳንዱ መስታወት ላይ የት እንደሚያርፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክንዱን አልፎ የሚወጣውን ብርሃን እያየ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲልለት "ተስተካከለ" ብሎ ስለሚተወው ነው። ያ ቁጥር ጫፉ ላይ እንደ ኮረብታ አናት ለጥ ያለ ነው። መስታወቱ ትንሽ ቢዘነብል ቁጥሩ የሚወርደው በዝንባሌው ካሬ ልክ ስለሆነ፣ አናቱ አጠገብ ወዴት እንደተዘነበለ እንኳ አይነግርሽም።

የክንዱን ጂኦሜትሪ በላይጎ ቁጥሮች እንየው። የሁለቱም መስታወቶች ፊት ስርጉድ ነው፤ የመግቢያው ራዲየስ 1934 ሜትር፣ የጫፉ 2245 ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 3994.5 ሜትር። ደምረሽ ስትቀንሺ የሁለቱ ሉሎች ማዕከሎች የሚራራቁት በ184.5 ሜትር ብቻ ነው። ጨረሩ ሁልጊዜ በሁለቱ ማዕከሎች በኩል የሚያልፈውን መስመር ይይዛል። የጫፉን መስታወት በ1 ማይክሮራዲያን ብታዘነብዪው ማዕከሉ 2.2 ሚሊሜትር ያህል ይሸሻል። ሁለቱ ማዕከሎች ስለተቀራረቡ መስመሩ በብዙ ይዞራል፦ ጨረሩ በጫፉ መስታወት ላይ 25 ሚሊሜትር፣ በመግቢያው ላይ ደግሞ 23.5 ሚሊሜትር በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። መስታወቱ ራሱ 34 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ 40 ኪሎ የሚመዝን ሲሊካ ነው። አንድ ማይክሮራዲያን እዚህ ቤት ትልቅ ስህተት ነው።

አሁን ወደ 2 ሄርዝ እንምጣ። ብርሃን መስታወቱን ይገፋል፤ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ካረፈ ደግሞ ያዞረዋል። የዞረው መስታወት ጨረሩን ያሸሻል፣ የሸሸው ጨረር መልሶ መስታወቱን ያዞራል። ስለዚህ ሁለቱ መስታወቶች በማይታይ ሞላ ተያይዘዋል፤ ለየብቻ ልትቆጣጠሪያቸው አትችዪም። ጨረሩ በሁለቱ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄድ ሞላው ይጠነክራል፤ ይህን አብሮ የመወዛወዝ ዓይነት ጠንካራ ሞድ እንለዋለን። ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ደግሞ ሞላው ይገለበጥና ፔንዱለሙን፣ ማለትም የተንጠለጠለውን መስታወት፣ ያላላዋል፤ ይህ ለስላሳ ሞድ ነው። ተመራማሪዎቹ ሲግ እና ሲድልስ በ2006 ያሳዩት ይህንኑ ነው።

ፔንዱለሙ ብቻውን 0.5 ሄርዝ አካባቢ ይወዛወዛል ብለን፣ እንደ አንድ ደረጃ አቅልለን ብናሰላው፣ በክንዱ ውስጥ 10 ኪሎዋት ሲዘዋወር ጠንካራው ሞድ 0.65 ሄርዝ አካባቢ ነው። 200 ኪሎዋት ላይ 2 ሄርዝ ይደርሳል። በ2 ዋት የምትቆልፊው የመጀመሪያው ላይ ነሽ፣ በ40 ዋት ሁለተኛው ላይ። የመቆጣጠሪያ ሉፕሽ ማጣሪያ የተነደፈው ለ0.65 ሄርዝ ከሆነ ፌዙ (ምላሹ ከመወዛወዙ የሚዘገይበት ወይም የሚቀድምበት መጠን) 2 ሄርዝ ላይ የተበላሸ ነው፤ ጌይን ብትጨምሪም ብትቀንሺም ፌዙን አያድንልሽም። መፍትሔው ኃይሉ በጨመረ ቁጥር ማጣሪያውን አብሮ መቀየር ነው፤ የጠንካራው ሞድ ሉፕ 3 ሄርዝና ከዚያ በላይ ድረስ መያዝ አለበት። ለስላሳው ሞድ ከ1 ሄርዝ በታች ይበቃዋል፤ በዚሁ ስሌት ግን ከ300 ኪሎዋት በላይ ያለ ቁጥጥር አይቆምም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በአረንጓዴው ሌዘር፣ በ532 ናኖሜትር፣ ሁለቱን ክንዶች ጀምሪ። ከመስታወቱ ፊት ባለው ባፍል (የተበተነ ብርሃን በሚከልለው ሰሌዳ) ላይ አራት ፎቶዳዮዶች (የብርሃን መለኪያዎች) አሉ፤ ጨረሩን በየተራ ወደ አራቱ ምሪው፣ እያንዳንዱ ሲበራ የአቅጣጫውን ቁጥር ጻፊ፣ አማካዩ መሃሉ ነው። በውሃ ልክ አትመኚ፤ መስታወቱ በራሱ ቱንቢ የተንጠለጠለ ነው፣ በ4 ኪሎሜትር ላይ ደግሞ የሁለቱ ጫፎች ቱንቢ በ0.63 ሚሊራዲያን ይለያያል፤ ምድር ክብ ናትና። ከክንዶቹ ቀጥሎ የ1064 ናኖሜትሩን ጨረር ወደ ክንዱ መስመር አምጪ፣ ከዚያ ቢም ስፕሊተሩን (ጨረሩን ለሁለቱ ክንዶች የሚከፍለውን መስታወት) ወደ ጨለማው ወደብ፣ የሁለቱ ክንዶች ብርሃን ወደሚጠፋፋበት መውጫ፣ አስተካክዪ፣ መልሶ አጠናካሪዎቹ መስታወቶች (የሚወጣውን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚመልሱት) መጨረሻ ይሁኑ። ከኋላ ከጀመርሽ ክንዱ ሲነካ ሁሉም እንደገና ይፈርሳል።

ከተቆለፈ በኋላ ጨረሩ የሚያርፍበትን ነጥብ ለኪ። እያንዳንዱን መስታወት በ20 ሄርዝ አካባቢ በጣም በትንሹ አወዛውዢው፤ አራት መስታወት፣ ለእያንዳንዱ ላይ ታችና ግራ ቀኝ፣ ስምንቱም በተለያየ ድግግሞሽ። የክንዱ ርዝመት በዚያው ድግግሞሽ ስንት ተንቀሳቀሰ? 1 ናኖራዲያን 1 ፒኮሜትር ካመጣ ጨረሩ ከመሃል በ1 ሚሊሜትር ርቋል። 10⁻²¹ የሆነ የስበት ሞገድ 4 ኪሎሜትሩን የሚያንቀሳቅሰው 4×10⁻¹⁸ ሜትር ብቻ መሆኑን ስታስቢ ይህ ሚሊሜትር ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ከአቅጣጫ ወደ ርዝመት የሚያልፈውን በጌይን ቁጥር ማጥፋት ይቻላል፣ ያን ማድረግ ግን ጨረሩን መሃል አስቀመጠው ማለት አይደለም። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ጨረሩ 10 ሚሊሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል፤ ኃይል ስትጨምሪ የሚያዞረው እሱ ነው።

ዌቭፍሮንት ሴንሰሮቹን፣ የጨረሩን ዝንባሌ የሚለኩትን፣ የምታስተካክዪው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ አራት ቦታ የተከፈለ ፎቶዳዮድ ነው፤ ብርሃኑን ዘግተሽ የጨለማውን ኦፍሴት (ብርሃን ሳይኖር የሚያሳየውን ቁጥር) ቀንሺ፣ ጨረሩን በአራቱ መሃል አስቀምጪ፣ ከዚያ ምልክቱ ከ9 እና ከ45 ሜጋሄርዝ የሚወጣበትን የዲሞዱሌሽን ፌዝ ለየሩቡ አስተካክዪ። አንድ ወደብ ላይ ያሉት ሁለቱ ሴንሰሮች በ90 ዲግሪ የጉዊ ፌዝ (ጨረሩ ሲጠብና ሲሰፋ የሚጨምረው ፌዝ) መለያየት አለባቸው፤ አለዚያ ሁለቱም አንድ ነገር ያያሉ፣ ዝንባሌን ከመሸሽ መለየት አትችዪም። የምላሽ ማትሪክሱንም (የትኛው እንቅስቃሴ በየትኛው ሴንሰር ላይ ስንት እንደሚታይ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ) መስታወት በመስታወት ሳይሆን በጠንካራና በለስላሳ ሞድ ለኪው፤ በዚያው ኃይል ላይ፣ ደግመሽ።

ኃይሉን በ2፣ በ10፣ በ25፣ በ40 ዋት ደረጃ አሳድጊ፤ በየደረጃው ቆዪ፣ መስታወቱ ሲሞቅ ሌንስ ይሆናልና የሴንሰሩ ዜሮ ይንሸራተታል። ኃይል እየጨመርሽ ክንዱ ብርሃኑን የሚያጠናክርበት መጠን ከወደቀ ሽፋኑ ላይ ብርሃን የሚመጥ ነጥብ ሊኖር ይችላል፤ በላይጎ መስታወቶች ላይ ተገኝቷል። እዚያ ላይ ጨረሩን ሆን ብሎ ከመሃል ማሸሽ ይጠቅማል፣ የርዝመት ማጥፊያውን ቁጥር አዲሱ ቦታ ላይ ደግመሽ እስካስተካከልሽ ድረስ።

ሲጸናልሽ ደግሞ ሉፑ ራሱ ጩኸት ያስገባል፤ ከ10 ሄርዝ በላይ አጥብቀሽ ቁረጪው፣ ከ30 ሄርዝ በታች ያለውን ስፔክትረም የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

በሚቀጥለው መልእክትሽ የስምንቱን ነጥቦች ሚሊሜትር፣ በ10 እና በ25 ዋት ላይ የለካሽውን የጠንካራውን ሞድ ድግግሞሽ፣ አሁን የሚሠራውንም ማጣሪያ ላኪልን፤ ፌዙ የት እንደሚጠፋ አብረን እናየዋለን።