እግር የሚበርደው ከሥር ነው

ብርዱ ሲከርር ከአንባቢዎች የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ከጉልበት ሕመም ወርደው የእግር ጣት ላይ ያርፋሉ። የዛሬዎቹ ጠያቂዎች ሁሉ ብስክሌት የሚነዱት ጫማቸውን በክሊት፣ ማለትም ከሶሉ ሥር ታስሮ ፔዳሉን በሚነክስ ቁራጭ፣ ከፔዳል ጋር ቆልፈው ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ነው የምኖረው፤ በክረምትም ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። ሦስት ካልሲ ደርቤ እንኳ ግማሽ ሰዓት ሳልነዳ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። የክረምት ጫማ ዋጋው አይቀመስም። ቤት ውስጥ የሚሠራ መላ አለ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለቱን ካልሲ ያውልቁ። ጫማ ውስጥ የታጨቀ እግር ደሙ በደንብ አይዘዋወርም፤ ሙቀት የሚይዘው አየርም መቀመጫ ያጣል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል፤ ጣትዎን ማንቀሳቀስ ካልቻሉ እሱም በዝቷል። ቀጥሎ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥተው ሥሩን ይመልከቱ። ክሊቱ የታሰረበት ብረትና ቀዳዳ እዚያ አለ፤ ብርዱም ውሃውም በዚያ ይገባል። ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይድፈኑት። በመኪና መስታወት ላይ ለፀሐይ የሚዘረጋውን የሚያብረቀርቅ መከለያ በንጣፉ ልክ ቆርጠው ከሥር ያንጥፉ። የበጋ ጫማ አፍንጫው ላይ የአየር መግቢያ ወንፊት አለው፤ እሱንም ከውጭ ይሸፍኑት። ይህ ሁሉ ጫማውን ካጠበበው ግን ድካምዎ ከንቱ ነው፤ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ያገለገለ ጫማ ፈልገው ለክረምት ብቻ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ካልጋሪ ነኝ። የሚሞቅ የተራራ ቦት ጫማ አለኝ። ሶሉን ሰርስሬ ክሊት ባስርበትስ?

መልስ፦ የሚሠሩት አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። የቦት ሶል ይተጣጠፋል። ከፔዳሉ ለመውጣት ተረከዝዎን ወደ ውጭ ሲያዞሩ ሶሉ ይጠመዘዛል፣ ክሊቱ ግን እንደነከሰ ይቀራል፤ በረዶ ላይ ሲሆን መጨረሻው መውደቅ ነው። ካልሠራሁ አልተውም ካሉ ከውስጥ ሁለቱን ብሎኖች የሚይዝ ጠንካራ የብረት ዝርግ ያስፈልግዎታል። ከውጭ ደግሞ ፔዳሉ ክሊቱን እንዲያገኘው ዙሪያውን ያለውን የሶል ጥርስ መጥረብ ግድ ነው። ብረቱ ብርድ ስለሚያስገባ በላዩ ቡሽ ያንጥፉ። ባለ ሦስት ብሎኑን ክሊት አይሞክሩት። ዘር ሐረጉ እ.ኤ.አ. በ1985 ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ የቱር ደ ፍራንስን ውድድር ካሸነፈበት ሉክ ከተባለው ኩባንያ ፔዳል ይመዘዛል፤ ለበጋ አስፋልት እንጂ በበረዶ ላይ ለመራመድ አልታሰበም። ባለ ሁለት ብሎኑን የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ በ1990 ያወጣው ለተራራ ብስክሌት ስለሆነ ጭቃም እግር ጉዞም ይችላል። እኔን ከጠየቁኝ ግን ጠፍጣፋ ፔዳል ይግጠሙና ቦቱን ሳይበሱት ይጫሙት። ቁልፉ ይናፍቅዎታል፤ ለሁለት ወር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ የዋናተኛ የጎማ ልብስ የጫማ ሽፋን መስፋት ይቻላል? (ስቶክሆልም)

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ነፋስ አያሳልፍም። ከሥር ለክሊቱና ለተረከዙ ክፍት ይተዉ፤ አለዚያ በአንድ ሳምንት ይበሳል። መስፋት የማይወዱ አሮጌ ወፍራም ካልሲ በጫማው ላይ አጥልቀው ለክሊቱ ቀዳዳ ይቅደዱለት። መልኩ ያስቃል፤ ይሠራል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ለምንኖረውስ? የእኛ ክረምት ዝናብ ነው።

መልስ፦ ከካልሲ በላይ ፌስታል አጥልቀው ጫማውን ያድርጉ። ላቡ ስለማይወጣ ለረጅም ጉዞ አይመችም። ከፌስታሉ በፊት ግን ፓራፋንጎ ያስገጥሙ፤ እግር የሚያርሰው አብዛኛው ውሃ ከጎማ የሚረጨው ነው። የራሰ ጫማ ጋዜጣ ታጭቆበት ይደር፤ ከሰል አጠገብ ካስቀመጡት ማጣበቂያው ይለቃል።

ጥያቄ፦ ጣቴ ነጭ ሆኖ ቢደነዝዝ ልሸው?

መልስ፦ አይሹት፤ ምድጃ ላይም አይደግኑት። የማይሰማው ቆዳ ሲቃጠል አያውቅም። ቤት ገብተው፣ ተመልሶ እንደማይበርደው ሲያረጋግጡ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሚሆን ለብ ያለ ውሃ ይንከሩት። ካልተመለሰ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ጋ ይሂዱ።