በሃይማኖታዊ ዝንባሌ መጠይቅ ውስጣዊውም ውጫዊውም ነጥብ ከፍ ካለ መላሹ የት ይመደባል?

«አብዛኞቹ መላሾቼ በሁለቱም ከፍ አሉ፣ አንዱን ከሌላው ቀንሼ ልመድባቸው?» ላልከው፦ አትቀንስ። ውስጣዊው ሃይማኖትን ለራሱ ሲሉ መኖር፣ ውጫዊው ለሚሰጠው ጥቅም መያዝ ነው፤ ሁለቱ የአንድ መስመር ጫፎች አይደሉም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኦልፖርትና ሮስ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ያው ነገር ገጥሟቸው፣ ሁሉንም «እስማማለሁ» የሚሉትን ራሱን የቻለ ምድብ አደረጓቸው። ከውስጣዊዎቹ ጋር ብትደባልቃቸው ውጤትህ ይበላሻል፤ በዚያ ጥናት ከሁሉ የበለጠ ጭፍን ጥላቻ የታየው እነሱ ላይ ነበር።

1. ሁለቱን ዝንባሌዎች የሚለካውን የጎርሳችና ማክፈርሰንን ባለ 14 ጥያቄ መጠይቅ ከተጠቀምክ፣ ከ8ቱ ውስጣዊ ጥያቄዎች 3ቱ አሉታዊ ናቸው። «ባምንም በሕይወቴ ከሃይማኖት የሚበልጡ ብዙ ነገሮች አሉ» የሚለውን ሳትገለብጥ ደምረህ እንዳይሆን። በ5 ነጥብ መለኪያ ለመገልበጥ መልሱን ከ6 ቀንስ።

2. ውጫዊውን ለሁለት ክፈለው፦ 3 ጥያቄ ለመጽናናትና ለጥበቃ፣ 3 ለማኅበራዊ ጥቅም። አንድ ላይ ሲደመሩ ይድበሰበሳሉ።

3. ምድብ ግድ ከሆነ በየሚዲያናቸው (መላሾችን እኩል ለሁለት በሚከፍለው ነጥብ) ቁረጥና አራት ቡድን አውጣ። ለሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚዛመድ ለሚያሰላው ስሌት) ግን ነጥቡን እንዳለ ተወው፤ መቁረጥ መረጃ ይበላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ትርጉሙን ፈትሽ። «ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በዋናነት የማውቃቸውን ሰዎች ለማግኘት ነው» ከሚለው «በዋናነት» ከወደቀች ሁሉም ይስማማል። ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር ላለው ሰው ደግሞ ከሰው ጋር መገናኘቱ ራሱ የአምልኮው አካል ነው፣ ጥቅም ፍለጋ አይደለም። መጠይቁን ከመበተንህ በፊት 10 ሰው ጮክ ብሎ እያሰበ ይሙላልህ። በንግሥ ቀን በር ላይ ቆመህ ደግሞ አትሰብስብ።