ጥያቄና መልስ፦ ለክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የሰጠነው ገንዘብ ተማሪው ጋ ይደርሳል?

አሜሪካ ውስጥ በክርስቲያን ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው የወጡ አንባቢዎች ከላኩልን ጥያቄዎች የተመረጡ ናቸው። ታክስን የሚመለከቱት መልሶች የአሜሪካን ፌዴራል ሕግ የተከተሉ ናቸው።

የጓደኛዬ ልጅ ለምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ቼክ ጽፌ፣ ግርጌው ላይ «ለእገሊት ትምህርት ክፍያ» ብዬ ላክሁ። የታክስ ደረሰኝ ስጠይቅ አይሆንም አሉኝ። (ከአትላንታ)

ልክ ናቸው። ስም ተጠርቶ የተላከ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲው በኩል ቢያልፍም በአይ አር ኤስ (በአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ዘንድ ለግለሰብ የተሰጠ ስጦታ ነው። ከታክስ እንዲቀነስ ማን እንደሚረዳበት የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ራሱ መሆን አለበት።

የከፈሉት ግን ሌላ ጥቅም አለው። ቱሽንን (የትምህርት ክፍያን) በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ የከፈለ ሰው፣ መጠኑ የቱንም ያህል ቢሆን፣ የስጦታ ታክስ አይመለከተውም። ለልጅቷ በእጇ ቢሰጧት ግን በ2025 ከ19,000 ዶላር ያለፈው ቅጽ 709ን (የስጦታ ታክስ መግለጫን) ያስሞላል። ዶርምና ምግብ በዚህ ነፃነት ውስጥ አይገቡም። እሷን መርዳት ብቻ ከሆነ ሐሳብዎ ተቀናሹን ይተዉትና በተማሪነት ቁጥሯ ይክፈሉላት። ተቀናሹን ከፈለጉ ለስኮላርሺፕ ፈንዱ ይስጡ፤ ያኔ ደግሞ ለማን ይድረስ ብለው ማዘዝ አይችሉም።

አሥራ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች ነን። ባረፉት መምህራችን ስም ቋሚ ስኮላርሺፕ ልናቋቁም ነው፤ ዝቅተኛው 25,000 ዶላር ነው ተባልን። ለኢትዮጵያውያን ብቻ ይሁን ማለትስ እንችላለን? (ከዳላስ)

ከሒሳቡ እንጀምር። በቋሚ ፈንድ ወይም ኢንዶውመንት ዋናው ገንዘብ ኢንቨስት ተደርጎ ይቀመጣል፤ ተማሪው የሚያገኘው በየዓመቱ ከዚያ የሚወጣውን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያወጣሉ፤ ገበያው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ክፍያው እንዳይናጋም ብዙዎቹ ያለፉትን 3 ዓመታት አማካይ ይወስዳሉ። 25,000 ዶላር በ4.5 በመቶ 1,125 ዶላር ነው። መጻሕፍት ይገዛል፣ ቱሽን ግን አይሸፍንም። የመጀመሪያው ክፍያም ፈንዱ ከሞላ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ሊቆይ ይችላል።

አሥራ ሁለታችሁ በየወሩ 35 ዶላር ብታዋጡ በዓመት 5,040፣ በአምስት ዓመት 25,200 ዶላር ይሆናል። ይህንኑ ገንዘብ በየዓመቱ ተከፍሎ ለሚያልቅ ስኮላርሺፕ ብታውሉት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንድ ተማሪ 5,040 ዶላር በእጁ ይገባል። ቋሚው ፈንድ የአምስቱን ዓመት 25,200 ዶላር የሚያህል ገንዘብ ለተማሪዎች እስኪያደርስ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እኛ ብንጠየቅ ዓመታዊውን እናስቀድማለን። ለቀጣዩ ሴሚስተር እንዳይመዘገብ 800 ዶላር ውዝፍ የያዘው ተማሪ ኢንዶውመንቱ እስኪያድግ አይጠብቅም፤ የመምህራችሁም ስም በዓመታዊው ስኮላርሺፕ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ቋሚ ካልሆነ የምትሉ ከሆነ ግን ገና ፈንዱ እየሞላ ሳለ ጎን ለጎን ትንሽ ዓመታዊ ክፍያ እንዲኖር ጠይቁ፤ የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች አሉ።

ጣጣው ያለው የስጦታ ስምምነቱ ላይ ነው። «ከቴክሳስ የመጣ፣ ነርሲንግ 3ኛ ዓመት፣ ነጥቡ ከ3.5 በላይ፣ የመዘምራን ቡድን አባል» ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚያሟላ ሰው የማይገኝበት ዓመት ይመጣል፣ ገንዘቡም ሳይከፈል ይከርማል። «ብቻ» በምትሉበት ቦታ «ቅድሚያ ለ...» በሉ። አምስቱ ዓመት ሳይሞላ ከመካከላችሁ ሰው ቢያቋርጥና 25,000 ባይደርስ የተጠራቀመው ወዴት እንደሚዞር፣ ፈንዱ ላይ የአስተዳደር ክፍያ ስንት እንደሚቆረጥም በጽሑፍ ይስፈር።

ለኢትዮጵያውያን ብቻ ማለቱን ግን ተዉት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል 6 መሠረት በዘር ወይም በትውልድ አገር ለይቶ መስጠት አይችልም፤ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ መሆኑም አያድነውም። ከቤተሰቡ መጀመሪያ ኮሌጅ ለገባ፣ ወይም ልጆቻችን ከሚማሩበት አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ላጠናቀቀ ቅድሚያ ማለት ይቻላል።

ቤተ ክርስቲያናችን ለአንዲት ተማሪ 2,000 ዶላር ስትልክ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ድጎማ በ2,000 ቀነሰባት። ይህ ማጭበርበር አይደለም? (ከባልቲሞር)

ማጭበርበር አይደለም፤ ግን ቀድሞ በመጠየቅ ማስቀረት የሚቻል ነገር ነው። የፌዴራል እርዳታ ደንብ ተማሪዋ ከየትም የምታገኘው ድጋፍ ከተተመነው የዓመት ወጪዋ እንዳያልፍ፣ በችግር ላይ የተመሠረተውም ከተሰላው ፍላጎቷ እንዳይበልጥ ያዛል። ጣሪያው ከሞላ የሆነ ነገር መቀነስ አለበት። ብድሩ፣ የካምፓስ ሥራው ወይስ የዩኒቨርሲቲው ግራንት (የማይመለሰው ድጎማ) የሚለውን ግን ትምህርት ቤቱ በራሱ ፖሊሲ ይወስናል።

ቼኩ ከመላኩ በፊት ተማሪዋ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በኢሜይል እንዲህ ብላ ትጠይቅ፦ «የውጭ ስኮላርሺፕ ሲመጣ መጀመሪያ የምትቀንሱት ብድሬን ነው ወይስ ግራንቴን?» መልሱ «ብድር» ከሆነ ይላኩ። «ግራንት» ከሆነ ለላፕቶፕ ወይም ለልጅ ማቆያ የተተመነው ወጪ ከፍ እንዲልላት ማስረጃ አያይዛ ታመልክት፤ ጣሪያው ከፍ ይላል። ካልሆነም ገንዘቡን ይዛችሁ ቆይታችሁ ስትመረቅ ብድሯን ክፈሉላት። ሜሪላንድ በ2017 ይህን መሰል ቅነሳ የሚገድብ ሕግ አውጥታለች፤ የሚመለከተው ግን የመንግሥት ኮሌጆችን ነው፣ የግል የሆነው ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ አይገባበትም።

ለስኮላርሺፕ ገቢ ማሰባሰቢያ እራት 100 ዶላር ከፈልኩ። ሁሉም ይቀነሳል?

አይ። የእራቱ ዋጋ 35 ዶላር ከተተመነ ስጦታዎ 65 ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር ሲበልጥ ዩኒቨርሲቲው ግምቱን በጽሑፍ ሊነግርዎ ግዴታ አለበት። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ስጦታ ደግሞ በምላሹ የተሰጠዎ ነገር መኖሩን ወይም አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ታክስዎን ከማስገባትዎ በፊት በእጅዎ ይኑር፤ የባንክ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ከ2026 ጀምሮ ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ወጪ ሳይዘረዘር የሚወሰድ መደበኛ ተቀናሽ) የሚወስዱ ሰዎችም በዕቃ ሳይሆን በገንዘብ ለሰጡት እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ሲሞሉ እስከ 2,000 ዶላር ይቀነስላቸዋል።

የምሩቃን ማኅበራችን ያሰባሰበውን ገንዘብ ለስድስት ወር በአንድ ድርጅት ብናስቀምጥ ስማቸው የማይገለጽ ባለጸጎች እጥፍ አድርገው ለተማሪዎች ይሰጣሉ አሉን። ያመጣው ሰው የታመነ ወንድም ነው።

አንድ ሳንቲም አታስቀምጡ። ይህ ታሪክ ቃል በቃል ከዚህ በፊት ተፈጽሟል። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የነበረው ኒው ኢራ ፋውንዴሽን ለክርስቲያን ኮሌጆችና አገልግሎቶች ይህንኑ ነበር ያለው፦ ገንዘባችሁ ስድስት ወር ይቀመጥ፣ ስማቸው የተሰወረ ለጋሾች ያጥፉታል። ለጋሾቹ ግን ኖረውም አያውቁም፤ የቀደሙት የሚከፈሉት ኋላ ከመጡት ገንዘብ ነበር። በሚሺጋን የስፕሪንግ አርበር ኮሌጅ የአካውንቲንግ መምህር አልበርት ማየር የድርጅቱን የታክስ ሰነድ መርምሮ ቁጥሩ እንደማይገጥም ደረሰበት፤ ለኮሌጁ ቢነግርም ኮሌጁ አልሰማውም፤ እሱ ግን ለተቆጣጣሪዎች አሳወቀ። ድርጅቱ በ1995 ወደቀ፣ መሥራቹ በ1997 የ12 ዓመት እስር ተፈረደበት። ከዚያ በፊት እጥፍ ተቀብለው የነበሩ ብዙ ተቋማት ገንዘቡን መልሱ ተብለዋል።

እዚያም የሰዎቹ መታመን ነበር መግቢያው። እውነተኛ ማች (ሌላ ለጋሽ በሰጣችሁት ልክ የሚጨምርበት አሠራር) ግን የእናንተን ገንዘብ ሌላ ቦታ አያስቀምጥም፤ እናንተ ለዩኒቨርሲቲው ትሰጣላችሁ፣ ለጋሹም እስከዚህ ቀን፣ እስከዚህ መጠን ብሎ ለዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። የእያንዳንዳችሁ አሠሪ መሥሪያ ቤት ማች ካለውም ይጠቅማል፤ ደረሰኙን ይዛችሁ በአሠሪው ቀነ ገደብ ውስጥ ቅጹን ሙሉ። ለሃይማኖት ተቋም አንሰጥም የሚል አሠሪ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲን በትምህርት ተቋምነት ይቀበላል፤ ሴሚናሪ ላይ ግን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዕድሜዬ 73 ነው። ከአይ አር ኤ (ከግል የጡረታ ቁጠባ ሒሳቤ) ለተማርኩበት ኮሌጅ መስጠት እፈልጋለሁ። (ከሲያትል)

አባታችን፣ ገንዘቡን ወደ ባንክዎ አውጥተው እንዳይሰጡ፤ ገቢ ሆኖ ታክስ ይወጣበታል። ከ70 ዓመት ተኩል በላይ የሆነ ሰው አይ አር ኤውን የያዘው ድርጅት በቀጥታ ለኮሌጁ እንዲልክ ማዘዝ ይችላል። ጣሪያው በ2025 108,000 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል። በዕድሜዎ የግድ ማውጣት ያለብዎ የዓመት ድርሻም በዚሁ ይሟላል፣ ግን በተቀናሽነት ደግመው አያስቡት። ቼኩ በዩኒቨርሲቲው ስም ተጽፎ በፖስታ እርስዎ ጋ ቢመጣ አይጨነቁ፤ እንዳለ ያስተላልፉት። አይ አር ኤውን ከያዘው ድርጅት የሚመጣው ቅጽ 1099 ላይ ስጦታ መሆኑ ብዙ ጊዜ ተለይቶ ስለማይታይ ታክስ ለሚሠራልዎ ሰው በቃል ይንገሩት፤ ካልነገሩት እንደ ገቢ ይሞላዋል።

አዲስ አበባ ላለ የነገረ መለኮት ኮሌጅ በቀጥታ ብልክስ?

መላክ ይችላሉ፤ ተቀናሽ ግን የለውም፣ የውጭ አገር ተቋም ስለሆነ። ተቀናሽ የሚኖረው አሜሪካ ውስጥ በ501(ሲ)(3) (ከታክስ ነፃ በጎ አድራጎት ሆኖ) የተመዘገበ ደጋፊ ድርጅት ተቀብሎ፣ አጠቃቀሙን በራሱ ቦርድ ወስኖ ሲልክ ነው። ስሙን በአይ አር ኤስ ድረ ገጽ የነፃ ድርጅቶች ፍለጋ ላይ ይመልከቱ፤ ቼኩንም ሲጽፉ በድርጅቱ ስም ይሁን፣ በኮሌጁ ስም ከተጻፈ ደረሰኙ አይሠራልዎትም።